ፋይላችሁ ፕሪንት ቤት ሲደርስ ለምን ይዘበራረቃል? ከቤት ሳትወጡ የምታስተካክሉት

ስልካችሁ ላይ 2 ገጽ የነበረው ሲቪ ፕሪንት ቤት ሲከፈት 3 ገጽ ይሆናል። ሦስተኛው ገጽ ላይ ያለው ደግሞ «ፊርማ» የምትል አንዲት ቃል ናት። ምዝገባው 11፡30 ላይ ይዘጋል፣ ከኋላችሁ ሰልፍ አለ፣ ልጁም «እንዲሁ ላውጣው?» እያለ ይጠብቃችኋል። ከዚራም ኑሩ ሳቢያን ወይ መጋላ፣ ይሄ ያልገጠመው ሰው ያለ አይመስለንም።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የፕሪንተሩ አይደለም። የወረቀቱን መጠን፣ የዳሩን ክፍተትና ፊደሉን እናንተ ካልወሰናችሁ የሌላ ሰው ኮምፒውተር ይወስንላችኋል።

ከወረቀቱ እንጀምር። እዚህ አገር ፕሪንተር ውስጥ የምታገኙት ወረቀት ኤፎር ነው፤ ወርዱ 210፣ ቁመቱ 297 ሚሊ ሜትር። ኮምፒውተራችሁ ወይም ስልካችሁ በአሜሪካ እንግሊዝኛ የተስተካከለ ከሆነ ግን አዲስ ፋይል የሚከፍትላችሁ «ሌተር» በሚባለው የአሜሪካ መጠን ሊሆን ይችላል። ሌተር ከኤፎር 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል፣ ወደ 18 ሚሊ ሜትር ያጥራል። ፕሪንተሩ ወረቀት ሞልቶት እያለ መብራቱን ብልጭ ድርግም እያደረገ ቀጥ የሚለው አንዳንዴ የሌተር ወረቀት እየጠበቀ ነው። ዎርድ ላይ «ሌይአውት» ግቡና «ሳይዝ» የሚለውን ኤፎር አድርጉት። ይህን መጻፍ ከመጀመራችሁ በፊት ብታደርጉት ይሻላል። ጨርሳችሁ ከቀየራችሁ መስመሮቹ ይንሸራተታሉ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ከሆነ ደግሞ ማውጫው ላይ ያሉት የገጽ ቁጥሮች ይሳሳታሉ። ማውጫውን ዎርድ ራሱ የሠራው ከሆነ ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ «አፕዴት ፊልድ» በሉት፣ ይስተካከላል። በእጃችሁ ነጥብ እየደረደራችሁ የጻፋችሁት ከሆነ ግን ፈጣሪ ይርዳችሁ።

የሚጠረዝ ጽሑፍ ከሆነ የግራውን ማርጂን ሰፋ አድርጉት፣ ጥራዙ ዳሩን ይበላዋልና። ስንት ይሁን የሚለውን ከትምህርት ክፍላችሁ መመሪያ እዩ።

አማርኛ ለሚጽፍ ሰው ትልቁ ጣጣ ግን ፊደሉ ነው። የዎርድ ፋይል ብዙውን ጊዜ የሚይዘው የፊደሉን ስም እንጂ ፊደሉን አይደለም። እናንተ በኒያላ ጽፋችሁ፣ ፕሪንት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ኒያላ ከሌለ፣ ዎርድ ዝም ብሎ በሌላ ይተካዋል። የተተካው ፊደል ትንሽ ሰፋ ካለ «ፊርማ» ወደ 3ኛ ገጽ ተሻገረች ማለት ነው። ዩኒኮድ ባልሆኑ የድሮ የግዕዝ ፊደሎች የተጻፈማ ጭራሽ የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ሆኖ ይመጣል።

መፍትሔው ዎርዱን ሳይሆን ፒዲኤፉን ይዞ መሄድ ነው። ፒዲኤፍ ሲሠራ ፊደሉ አብሮ ስለሚገባ የትም ቢከፈት መልኩን አይቀይርም። አንድሮይድ ስልክ ላይ «ፕሪንት» የሚለውን ስትነኩ «ሴቭ አዝ ፒዲኤፍ» የሚል ምርጫ አለ። እዚያው ላይ የወረቀቱ መጠን ሌተር ብሎ እንዳይሆን እዩት። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፋይል ላኩ። ስክሪንሾት አንስቶ እንደ ፎቶ መላክ ጽሑፉን ያደበዝዘዋል፤ ሲታተም ደግሞ ይብስበታል።

ኤክሴል ሌላ ታሪክ ነው። የሰፈር ዕቁብ የምትይዙ ልጆች ታውቁታላችሁ፤ ስም፣ ስልክ፣ ሳምንት፣ የተከፈለ፣ እና መጨረሻ ላይ ያለችው «ቀሪ» የምትባል ዓምድ ብቻዋን ሌላ ወረቀት ላይ ትወጣለች። 4 ገጽ የሚበቃው 8 ይሆናል፣ የምትከፍሉትም ለ8 ነው። «ፔጅ ሌይአውት» ውስጥ መጀመሪያ ወረቀቱን ወደ ጎን አዙሩት፣ ማለትም «ላንድስኬፕ»። ካልበቃ «ዊድዝ» የሚለውን 1 ገጽ አድርጉ፣ «ሃይት» የሚለውን ግን «አውቶማቲክ» እንዳለ ተዉት። ሁለቱንም 1 ካደረጋችሁ 200 ሰው አንድ ወረቀት ላይ ይጨመቅና በአጉሊ መነጽር ካልሆነ አይነበብም። «ፕሪንት ታይትልስ» በሚለው ደግሞ የርዕሱ መስመር በየገጹ እንዲደገም ማድረግ ይቻላል። ይህችን ብዙ ሰው አያውቃትም፤ 3ኛው ገጽ ላይ «500» የሚለው የተከፈለ ይሁን ቀሪ ካልታወቀ ግን ጠብ ነው።

ፒዲኤፉ ሲታተምም አንድ ምርጫ አለ። «ፊት» ከተባለ ገጹ ወረቀቱ ላይ እንዲገባ መጠኑ ይስተካከላል፣ ብዙ ጊዜም ትንሽ ይቀንሳል። ለሲቪ ችግር የለውም። ልኩ ወሳኝ ለሆነ ነገር፣ ለምሳሌ ለጉርድ ፎቶ ወይም ለንድፍ፣ «አክቹዋል ሳይዝ» እንዲያደርጉላችሁ ንገሯቸው። ለጥናት የሚሆን ሃንድአውት ከሆነ በተቃራኒው 2 ገጽ በአንድ ገጽ ላይ አድርጋችሁ ወረቀቱን በግማሽ መቀነስ ትችላላችሁ። ፊትና ጀርባ ስታስወጡ ወረቀቱ ቁም ከሆነ በረጅሙ ጎን፣ አግድም ከሆነ በአጭሩ ጎን ይገለበጥ በሉ። ካልሆነ ጀርባው ተዘቅዝቆ ይወጣል።

50 ገጽ ከማዘዛችሁ በፊት 1 ገጽ አስወጥታችሁ እዩ። እና አቦ፣ የገጽ ቁጥር አስገቡ! በድሬ ሙቀት ቬንትሌተር የሌለው ፕሪንት ቤት የለም፤ አንዴ ከበተነው ቁጥር የሌለውን 50 ገጽ መልሶ መደርደር ምን እንደሚመስል እኛ እናውቀዋለን።