ስለ በዓለ መጥቅዕና ስለ ባሕረ ሐሳብ
(በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ ፳፫ ላይ የተጻፈ ሐተታ)

እስራኤል በሰባተኛው ወር ሦስት በዓላትን እንዲያከብሩ በሙሴ አፍ ታዘዋል። መጀመሪያው፥ ወሩ በገባ በ፩ ቀን መለከት የሚነፋበት በዓለ መጥቅዕ ነው። ኹለተኛው፥ በ፲ ቀን ሕዝቡ ሰውነቱን በጾም የሚያዋርድበት፥ ሊቀ ካህናቱም በዓመት አንድ ጊዜ ደም ይዞ ወደ ቅድስተ ቅዱሳን የሚገባበት ዕለተ አስተስርዮ ነው። ሦስተኛው፥ ከ፲፭ ቀን ጀምሮ ፯ ቀን በዳስ የሚቀመጡበት በዓለ መጸለት ነው፤ ይኸውም አባቶቻቸው ከግብጽ ወጥተው በምድረ በዳ እንደ ኖሩ ልጆቻቸው እንዳይረሱ ነው።

እንግዲህ፥ አካሉ ክርስቶስ ከመጣ በኋላ የአይሁድ በዓል ለክርስቲያን ምን ይረባዋል የሚል ሰው ቢኖር፥ በቅዱስ ዮሐንስ ቀን በቤተ ክርስቲያን ባሕረ ሐሳብ ሲታወጅ ይስማ። ሊቃውንት አጽዋማቱን የሚያወጡት ከዚሁ ከበዓለ መጥቅዕ ነውና። ይህንም ቍጥር ቤተ ክርስቲያናችን የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ድሜጥሮስ የሠራው ነው ትላለች።

ለምሳሌ የ፳፻፲፰ን ዓመተ ምሕረት፥ ዘመነ ማርቆስን እንመልከት። ዓመተ ዓለሙ ፸፭፻፲፰ ነው። በ፲፱ ሲገደፍ ፲፫ ይተርፋል፤ አንዱ ለዘመን ሲታተት ፲፪ ወንበር ይኾናል። ወንበሩ በ፲፱ በዝቶ በ፴ ሲገደፍ መጥቅዕ ፲፰ ይወጣል። ከ፲፬ ስለ በለጠም በዓሉ መስከረም ፲፰ ቀን በእሑድ ዋለ። የእሑድ ተውሳክ ፯ ሲጨመርበት መባጃ ሐመር ፳፭ ኾነ፤ ጾመ ነነዌም በጥር ፳፭ ገባ። ዐቢይ ጾምና ትንሣኤም ከዚያው ተቈጠሩ።

አይሁድ ግን በዚያው ዓመት መለከታቸውን የነፉ መስከረም ፲፫ ቀን ነው። የ፭ ቀን ልዩነት የመጣ፥ በኛ ቍጥር ፲፱ ዓመቱ ከጨረቃ መመላለስ በጥቂት ሰዓት ስለሚበልጥ ነው፤ በ፫፻ ዓመት ያህል አንድ ቀን ይዘገያል። ሥሩ ግን አንድ ነው።

ኦሪትን እንዴት እንያዝ የሚለው ጥያቄ ለሸዋ እንግዳ አይደለም። ደብረ ብርሃንን የመሠረተው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በተጕለት በደብረ ምጥማቅ፥ በኤውሮፓ ቍጥር በ፲፬፻፶ ዓ.ም. ጉባኤ አድርጎ፥ ቀዳሚት ሰንበት ከእሑድ ጋር እንድትከበር ተወስኗል። ኦሪታዊ ነው ተብሎ አልተጣለም።

በጎንደር አገር የኖሩት ቤተ እስራኤልም በዓለ መጥቅዕን ብርሃን ሠረቀ ብለው፥ አስተስርዮን ጾመው፥ ከዚያም በ፶ኛው ቀን ተራራ ወጥተው ስግድን ያከብሩ ነበር። ብዙዎቹ በ፲፱፻፸፯ና በ፲፱፻፹፫ ዓ.ም. ወደ እስራኤል ተሻገሩ፤ በዚያም በ፳፻ ዓ.ም. ስግድ በሕግ የመንግሥቱ በዓል ኾነ። እኛ በቍጥር የጠበቅነውን እነርሱ በጾምና በስግደት ጠብቀውት ኖረዋል። ስለዚህ በዓላቸውን የሚንቅ ካህን የገዛ መዝገቡን ይንቃል።

እኛስ በዓሉን የምንቈጥር ጥላውን ልናመልክ አይደለም። ሊቀ ካህናቱ በየዓመቱ በእንስሳ ደም ይገባ ነበር፤ ክርስቶስ ግን በገዛ ደሙ አንድ ጊዜ ገባ። መለከቱ ወደዚህ ትንሣኤ የሚያደርሰንን ቀን ይነግረናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።