ከዋድላ ገደል እስከ መማሪያ ክፍል

ኮን ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? ካልሄዳችሁም ግድ የለም። እስቲ በሐሳብ ከዋድላ አምባ ደቡባዊ አፋፍ ላይ ቁሙና ወደ ጅጣ ሸለቆ ቁልቁል ተመልከቱ። ገደል፣ ከሥሩ ለጥ ያለ መሬት፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ገደል። ልክ እንደ ደረጃ ነው።

ይህ ደረጃ በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስን ክፉኛ ፈትኗቸዋል። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ በዚህ ሸለቆ መንገድ ማስጠረግ ነበረባቸው። ጉዞው ከአምስት ወር በላይ ፈጀ። ሊወጋቸው የመጣው የእንግሊዝ ጦርም ብዙም ሳይቆይ ጅጣን ተሻገረ።

ከጦሩ ጋር ዊልያም ብላንፎርድ የሚባል ጂኦሎጂስት ነበር። ሰውዬው ቀደም ሲል ሕንድ ውስጥ ተመሳሳይ ደረጃማ ዓለቶችን አጥንቷል፤ ስለዚህ ያየውን ለመለየት አልተቸገረም። ነገሩ ላቫ ነው! ከመሬት ስንጥቅ እየፈሰሰ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተነጠፈ የረጋ ባዛልት። ጠንካራው ንጣፍ ገደል ሆኖ ይቆማል፤ ደካማው ቶሎ ይሸረሸርና ለጥ ያለ መሬት ይሆናል። ብላንፎርድ የታችኛውን ክፍል «አሸንጌ»፣ የላይኛውን «መቅደላ» ብሎ ሰየመ። መጽሐፉም በ1870 እ.ኤ.አ. ለንደን ታተመ።

ታዲያ ለዋድላ ልጅ ምን ጠቀመው? ዓለቱ ስም አገኘ፤ እዚህ አገር ሆኖ የሚያስተምረው ግን አልነበረም።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተከፈተው በ1950 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ ገደማ ፖል ሞር የተባለ ወጣት ጂኦሎጂስት ሊያስተምር መጣ። ችግሩ፣ ስለ ኢትዮጵያ ዓለቶች የተጻፈው በእንግሊዝኛ፣ በጣሊያንኛ፣ በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ተበታትኖ ነበር። ተማሪ ከየት ያገኘዋል? ሞር ሰበሰበው፤ ራሱ ተዘዋውሮ ያየውንም ጨመረበት። «የኢትዮጵያ ጂኦሎጂ» የሚለውን መጽሐፉን በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኮሌጁ ራሱ አሳተመው። ጦር ይዞት የወጣው እውቀት እንዲህ ሆኖ ወደ መማሪያ ክፍል ተመለሰ። ሞር በኋላ አየርላንድ፣ ጎልዌይ ሄዶ የጂኦሎጂ ፕሮፌሰር ሆነ፤ ስለ ኢትዮጵያ መጻፉን ግን አልተወም።

ልብ በሉ፤ ያ መጽሐፍ ሲታተም የእነዚህ ዓለቶች ዕድሜ ገና በትክክል አልተለካም ነበር። በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ከሊማሊሞና ከጅጣ ማዶ ካለችው ወገልጤና የተወሰዱ ናሙናዎችን መረመረ። መልሱ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆነ። ይህ ሁሉ የላቫ ክምር በአብዛኛው የተነጠፈውም በአንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ ነው። ለጂኦሎጂ ይህ እንደ ቅጽበት ነው።

አያችሁ፣ ጥሩ መምህር ያለቀለት እውቀት እስኪመጣ አይጠብቅም። ያለውን ሰብስቦ ያስተምራል፤ የጎደለውን ተማሪ ይሞላዋል። እንግዲህ ኮን ስትደርሱ ንጣፎቹን ከታች ወደ ላይ ቁጠሩ። አሮጌው የታችኛው ነው። ቁጥሩን ደብተራችሁ ላይ ጻፉና ለጂኦግራፊ መምህራችሁ አሳዩ። ቀጣዩ ጥያቄ ከእናንተ ሊመጣ ይችላል።