«ሰባተኛዋ ሮያል»
ቡጋቲ ታይፕ 41 (ሮያል)፣ ኤስደርስ ሮድስተር። ባለ 8 ሲሊንደር፣ 12.7 ሊትር ሞተር። በኋላ ዘመን የተሠራ ቅጂ።

ጎብኚዎች ይህችን መኪና ሰባተኛዋ ሮያል ይሏታል። አይደለችም። ኤቶሬ ቡጋቲ 25 ሊሠራ አስቦ፣ ከሞልስሃይም ፋብሪካው የወጡት 6 ብቻ ናቸው። ሮያል ለነገሥታት ታስባ መሠራቷ እውነት ነው፤ ነገሥታት ነዷት የሚባለው ግን ወሬ ነው። አንድም ንጉሥ አልገዛትም። ከፍለው የወሰዱት ደንበኞች 3 ሲሆኑ፣ አንዱ ፈረንሳዊው የልብስ ፋብሪካ ባለቤት አርማን ኤስደርስ ነበር፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1932።

እስቲ ፊቷን ልብ ብለው ይዩ። የግንባር መብራት የላትም። ቅጂውን የሠሩት ሰዎች ረስተውት አይደለም፤ ኤስደርስ በማታ ስለማይነዳ መብራት አልፈለገም፣ ቦዲውን የነደፈው የኤቶሬ ልጅ ዣንም እንደ ፍላጎቱ ሠራለት። ከሮያል ወሬዎች ሁሉ ተረት የሚመስለው ይህኛው ነው፤ እውነት ሆኖ የተገኘውም እሱ ነው።

የኤስደርስ መኪና ጠፋች የሚሉም አሉ። የጠፋው ቦዲው ነው። ሻንሲው፣ ቁጥር 41111፣ በኋላ ሌላ ዝግ ቦዲ ተገጥሞለት እስከ ዛሬ አለ። እዚህ የቆመችው ቅጂ የተሠራችው በፈረንሳይ፣ ሙሉዝ ከተማ ሲሆን የቡጋቲ ኦሪጅናል ዕቃዎችም ገብተውባታል። «ኦሪጅናል ናት» የሚለው ወሬ የተነሣውም ከዚሁ ሳይሆን አይቀርም።

ገዢ ያጡት የሮያል ሞተሮችስ? ከእ.ኤ.አ. 1933 ጀምሮ በፈረንሳይ ሐዲድ ላይ ፈጣን ባቡር ነድተዋል፤ ለቡጋቲ ፋብሪካም ከመኪናዋ የተሻለ ገቢ ያስገኙት እነሱ ናቸው።