ማሳ ሰፈር የሚሆነው በማን ፊርማ ነው? ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በመሬት ሽንሸና ታሪክ ውስጥ



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ብዙ ጊዜ ለመሐንዲሶችና ለሕግ ባለሙያዎች የሚተው ነው። አንድ ማሳ ተለክቶ፣ ተሸንሽኖ፣ መንገድ ተከፍቶለትና የቤት ቁጥር ተሰጥቶት የመኖሪያ ሰፈር የሚሆነው እንዴት ነው? ይህንንስ የሚያጸድቀው ማን ነው? ጥያቄው የማዘጋጃ ቤት መዝገብ ጥያቄ ይመስላል። ሆኖም ባለፉት ሃያ ዓመታት በአዲስ አበባ ዙሪያ ስንቱ ቤት እንደ ፈረሰ፣ ስንቱ ገበሬ ከእርሻው እንደ ተነሣ፣ ስንቱ ወጣት በዚህ ምክንያት አደባባይ ወጥቶ እንዳልተመለሰ ስናስታውስ፣ የታሪክ ተማሪም ሊያልፈው የማይገባ ጥያቄ መሆኑን እንረዳለን።

ንግግሬን በሦስት ከተሞች ላይ አተኩራለሁ። ሰበታ በደቡብ ምዕራብ በጅማ መንገድ ላይ የተዘረጋች፣ በፋብሪካዎቿና በመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤቷ የምትታወቅ፣ በኋላም አዲሱ የጅቡቲ ባቡር መነሻ የሆነች ከተማ ናት። ቡራዩ በምዕራብ በአምቦ መንገድ፣ ለአዲስ አበባ ውሃ ከሚያቀርበው ከገፈርሳ ግድብ አጠገብ ትገኛለች። ሱሉልታ ደግሞ በሰሜን ከእንጦጦ ባሻገር በጎጃም መንገድ ላይ፣ ክረምት ውሃ በሚተኛበትና በበጋ ሣር በሚታጨድበት ሜዳ ላይ ያረፈች፣ ለዋና ከተማዋ ወተት ስታቀርብ የኖረች ናት። ሦስቱም የመንገድ ዳር ከተሞች ናቸው፤ ሦስቱም ያደጉት ከራሳቸው መሐል ወደ ውጭ ብቻ ሳይሆን ከአዲስ አበባ ወደ እነርሱ በሚፈስሰው ሕዝብ ግፊት ነው።

ከቀላድ እስከ ካሬ ሜትር

በሸዋ ምድር መሬትን መለካትና ማከፋፈል አዲስ ነገር አይደለም። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ቀላድ ሲጣል፣ መሬቱ በጋሻ እየተቈጠረ ለመኳንንት፣ ለወታደርና ለቤተ ክርስቲያን ተደለደለ፤ በላዩ ሲኖርና ሲያርስ የነበረው ሕዝብ፣ በአብዛኛው የኦሮሞ ገበሬ፣ ገባር ወይም ጭሰኛ ሆነ። አንድ ጋሻ በግምት 40 ሄክታር ነው። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ፤ ልኬት ገና ከመነሻው የቴክኒክ ሥራ ብቻ አልነበረም። ገመዱ በተጣለ ጊዜ መሬቱ ብቻ ሳይሆን በመሬቱ ላይ ያለው ሰው ማዕርግም ተለውጧል።

አዲስ አበባ እየሰፋች ስትሄድ በከተማዋ ዳር ሰፊ ይዞታ የነበራቸው ባለርስቶች መሬታቸውን እየቈራረሱ ለቤት መሥሪያ መሸጥ ጀመሩ። በዚያው ዘመን መንግሥት የውጭ ሀገር ፕላን አውጪዎችን ጠራ። በ1940ዎቹ መጨረሻ የታዋቂው የእንግሊዝ ፕላን አውጪ የሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ ፕላን መጣ፤ በ1950ዎቹ ደግሞ የፈረንሳዊው የሉዊ ደ ማሪያን ተከተለ። አበርክሮምቢ ዋና ከተማዋን የሚያግዙ አነስተኛ ከተሞች በዙሪያዋ እንዲኖሩ ማሰቡ ይታወቃል። ፕላኖቹ ግን በወረቀት ላይ ሲቀሩ፣ ከተማው በባለርስቱና በገዢው ውል እየተመራ ሰፋ።

በ1967 ዓ.ም. ሁለት አዋጆች የዚህን ታሪክ አቅጣጫ ለወጡት። የካቲት ላይ የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠውን ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ፤ ሽያጭንም ከለከለ። ሐምሌ ላይ የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤት ወረሰ፤ ለመኖሪያ ቤት መሥሪያ የሚሰጠውንም ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ገደበ። ጭሰኝነት ቀረ፤ ይህ በሰበታም ሆነ በሱሉልታ ለሚኖረው ገበሬ ታላቅ ነጻነት ነበር። ነገር ግን ሁለቱ አዋጆች በመካከላቸው አንድ ድንበር አሰመሩ፤ በአንዱ ወገን የገጠር መሬት፣ በሌላው ወገን የከተማ ቦታ። ከዚያ ወዲህ የሦስቱ ከተሞች ታሪክ በአብዛኛው ይህን ድንበር የመሻገር ታሪክ ነው።

የፊርማው ዋጋ

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑን አጸና፤ ለገበሬውም ከመሬቱ ያለመነቀል ዋስትና ሰጠ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 80 የከተማ ቦታን በሊዝ አደረገ። በ1994 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 272፣ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 721 ተተኩ። በዚህ የመጨረሻው አዋጅ መሠረት የመኖሪያ ቤት ቦታ የሚገኘው በጨረታ ወይም በምደባ ሲሆን፣ የሊዙ ዘመን እስከ 99 ዓመት ይደርሳል።

በሕጉ መሠረት አንድ ሰፈር የሚወለድበት ሥርዓት ግልጽ ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 መዋቅራዊ ፕላንና የአካባቢ ልማት ፕላን እንዲዘጋጅ፣ ከመጽደቁም በፊት ሕዝብ እንዲመክርበት ያዛል። ከዚያ ገበሬው ካሳ ተከፍሎት ይነሣል፤ መንገድ ይከፈታል፤ ቦታው ይሸነሸናል፤ ለጨረታ የሚቀርበውም ከይገባኛል ጥያቄ ነጻ የሆነና መሠረተ ልማት የደረሰለት ሊሆን ይገባል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በበኩሉ የፕላን ስምምነትና የግንባታ ፈቃድ ይጠይቃል። በዚህ ሥርዓት የመንግሥት ፈቃድ ከቤቱ ይቀድማል።

አሁን ወደ ነገሩ ሥር እንግባ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ለሚነሣው ገበሬ የሚከፈለውን የማፈናቀያ ካሳ የሚያሰላው፣ ከመሬቱ በአምስት ዓመት ውስጥ ያገኘውን አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 በማባዛት ነበር። መሬቱ የሕዝብ ስለ ሆነ ለመሬቱ ራሱ ዋጋ አይታሰብም፤ የሚታሰበው ጤፉና ስንዴው፣ ሣሩና ባሕር ዛፉ ነው። ያው መሬት ተሸንሽኖ በጨረታ ሲቀርብ ግን የሚተመነው በካሬ ሜትር፣ ለዚያውም በአዲስ አበባ ቅርበት ነው። ትላንት በኩንታል ይለካ የነበረው መሬት ዛሬ በካሬ ሜትር ሲለካ በመካከል የተደረገው ነገር አንድ ነው፤ ፕላን ጸድቋል። ማጽደቅ ማለት እንግዲህ ማሳን ሰፈር ብሎ መሰየም ብቻ አይደለም፤ ያልነበረ ሀብት መፍጠርና ያ ሀብት ለማን እንደሚሆን መወሰን ነው።

ገበሬው ይህን ለመረዳት የኢኮኖሚክስ ትምህርት አላስፈለገውም። አጥሩ አጠገብ የሚሆነውን ያያል። ፕላን መጥቶ በካሳ ከመነሣቱ በፊት መሬቱን ራሱ ቢሸነሽን የተሻለ ገንዘብ እንደሚያገኝ ያውቃል። በሌላ ወገን በአዲስ አበባ ኪራይ የተማረረ፣ የሊዝ ጨረታ የማይቀመስ የሆነበት፣ የጋራ መኖሪያ ቤት ዕጣ ሲጠብቅ ዓመታት ያለፉበት ሰው አለ። ሁለቱን ደላላ አገናኛቸው። ሽያጭ በሕገ መንግሥት የተከለከለ ስለ ሆነ ውሉ የብድር ወይም የስጦታ መልክ ይይዛል፤ ሽማግሌዎች ምስክር ሆነው ይፈርማሉ። ቤቱ በሌሊት ይቆማል፤ የጨረቃ ቤት የሚለው ስም ከዚህ የመጣ ነው። ቀጥሎ መብራት ከጎረቤት ይሳባል፤ መንገዱን ነዋሪው በመዋጮ ይጠርጋል፤ ዕድር ይቋቋማል፤ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ይሠራል። በዚህ ሥርዓት ደግሞ ቤቱ ከመንግሥት ፈቃድ ይቀድማል።

በመሆኑም ሁለት ዓይነት አጽዳቂዎች ጎን ለጎን ኖሩ ማለት ነው፤ አንዱ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ሌላው ሽማግሌዎች የፈረሙበት ውል። ሁለቱም የየራሳቸው ወረቀት፣ የየራሳቸው ምስክር፣ የየራሳቸው ዋጋ ነበራቸው። ሁለተኛውን ሕገ ወጥ ብሎ መሰየም ከሕግ አንጻር ትክክል ነው። ለታሪክ ጸሐፊ ግን በቂ ማብራሪያ አይሆንም፤ ሕጋዊው በር የጠበበበት ሰው በሌላ በር መግባቱን አይገልጽምና። መንግሥትም ቢሆን ይህን ዐውቆታል። አዋጅ ቁጥር 721 ያለ ፈቃድ የተያዙ ይዞታዎች ከከተማ ፕላን ጋር የሚጣጣሙ ሆነው ሲገኙ በአራት ዓመት ውስጥ ሥርዓት እንዲይዙ አዝዞ ነበር። ይህ ተስፋ ለአንዳንዱ ካርታ አስገኘ፤ ለሌላው ግን ዛሬ የሠራሁት ነገ ይጸድቅልኛል የሚል ግምት ሆነ።

ፕላኑ አደባባይ ሲወጣ

በ2000 ዓ.ም. የኦሮሚያ ክልል በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉትን ከተሞችና ወረዳዎች በአንድ ልዩ ዞን አደራጀ። ከአንድ ዓመት በፊት የተካሄደው የሕዝብ ቈጠራ ቡራዩም ሆነ ሰበታ እያንዳንዳቸው ወደ 50 ሺህ የሚጠጋ ነዋሪ እንደ ነበራቸው አሳይቷል። የአዲስ አበባና የልዩ ዞኑ ከተሞች የተቀናጀ የልማት ፕላን መዘጋጀት የጀመረው ይህ ዕድገት ከቍጥጥር ውጭ ሆነ በተባለበት ጊዜ ነው። አዘጋጆቹ መንገድ፣ ውሃና ቆሻሻ የአስተዳደር ድንበር አያውቁም ብለው ያስረዱ ነበር፤ ይህ በራሱ እውነትነት አለው። የገፈርሳ ውሃ በአንዱ አስተዳደር ተከማችቶ በሌላው ይጠጣል።

ሆኖም በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. በአምቦና በኦሮሚያ ዩኒቨርሲቲዎች ተቃውሞ ተነሣ፤ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ከጊንጪ የጀመረው ደግሞ ክልሉን በሙሉ አዳረሰ። የብዙ ሰው ሕይወት ጠፋ። በጥር 2008 ዓ.ም. ኦሕዴድ ፕላኑ መሰረዙን አስታወቀ። የተቃዋሚዎቹ ጥያቄ የካርታ ጥያቄ ብቻ አልነበረም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 49 ንዑስ አንቀጽ 5 ኦሮሚያ በአዲስ አበባ ላይ ያላት ልዩ ጥቅም በሕግ እንደሚዘረዘር ይደነግጋል፤ ያ ሕግ ሳይወጣ ሁለት አሥርት ዓመታት አልፈው ነበር። በ2009 ዓ.ም. ረቂቁ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቢቀርብም አዋጅ ሆኖ አልወጣም። ስለዚህ ገበሬው በፕላኑ ውስጥ ያየው የባቡርና የመንገድ መስመር ሳይሆን የቀላዱን ገመድ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

የፕላኑ መሰረዝ ሽንሸናውን አላቆመውም። ይልቁንም የጋራ ፕላን በሌለበት ሁሉም በየፊናው ሸነሸነ። በየካቲት 2011 ዓ.ም. በለገጣፎ ለገዳዲ በርካታ ቤቶች ሲፈርሱ ነገሩ የሀገር መነጋገሪያ ሆነ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከሌሎች የዙሪያ ከተሞች ጋር ተዋሕደው የሸገር ከተማ ተባሉ፤ ሦስቱም በየራሳቸው ማዘጋጃ ቤት የሚተዳደሩ ከተሞች መሆናቸው ቀረ። ወዲያውም ሰፊ የማፍረስ ዘመቻ ተከተለ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን የቤቶቹን መፍረስና የነዋሪዎቹን በግዳጅ መነሣት መርምሮ ተችቷል። በመስጊዶች መፍረስ የተነሣ በግንቦት 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አንዋር መስጊድ በተነሣው ተቃውሞ የሰው ሕይወት ጠፍቷል።

የዘገየ ፈቃድ

ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? በእኔ አመለካከት የሦስቱ ከተሞች ችግር የፕላን እጥረት ብቻ አይደለም፤ ፕላን ሞልቶ ነበር። ችግሩ ማጽደቅ ከሰዎቹ ጋር የሚደረግ ስምምነት መሆኑ ቀርቶ በሰዎቹ ላይ የሚወርድ ውሳኔ መሆኑ ነው። ገበሬው ከሽንሸናው በፊት አልተጠየቀም፤ ቤት ሠሪው ከግንባታው በፊት በር አልተከፈተለትም። ሁለቱም መንግሥትን ያገኙት መጨረሻ ላይ ነው፤ አንዱ በካሳ ቼክ፣ ሌላው በግሬደር።

በሌላ ሀገር የተሞከረ መንገድ አለ። በጃፓን፣ በኮሪያና በህንድ ጉጃራት ግዛት የእርሻ መሬቶች ተደምረው እንደ አዲስ ይሸነሸናሉ፤ ለመንገድና ለጋራ አገልግሎት የሚሆነው ከተቀነሰ በኋላ የቀረው ቦታ ለባለ መሬቶቹ ይመለሳል። ባለ መሬቱ ያነሰ ስፋት፣ ነገር ግን የላቀ ዋጋ ያለው ቦታ ይዞ በዚያው በሰፈሩ ይቀራል። እነዚያ ሀገሮች የግል መሬት ስላላቸው በቀጥታ መቅዳት አይቻልም። ሆኖም በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 የገበሬውን የማፈናቀያ ካሳ ወደ 15 እጥፍ ከማሳደጉም በላይ ባለይዞታዎች መሬታቸውን በፕላኑ መሠረት ራሳቸው የማልማት ቅድሚያ እንዲያገኙ ፈቅዷል። በሩ በሕግ ተከፍቷል፤ የሚጠበቀው የሚያስገባ አሠራር ነው።

ለዚህ ደግሞ የተማሪዎች ሥራ ያስፈልጋል። የሦስቱ ከተሞች ማዘጋጃ ቤቶች በአዲሱ አደረጃጀት ሲዋሐዱ የቀድሞ ቃለ ጉባኤዎቻቸው፣ የሽንሸና ካርታዎቻቸውና የካሳ መዝገቦቻቸው በየመጋዘኑ እንዳይበታተኑ ያሰጋል። በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ያሉት የሽማግሌ ውሎችም ቢሆኑ የዘመናችን የመሬት ታሪክ ምንጮች ናቸው። የቀላዱን ዘመን የምናውቀው በወቅቱ የተጻፈ ነገር ስለ ተረፈልን ነው። ማን፣ መቼ፣ በምን ሥልጣን እንደ ፈረመ የሚያሳየው ወረቀት ከጠፋ፣ ነገ በፍርድ ቤትም ሆነ በታሪክ መጽሐፍ የሚሰማው የጉልበተኛው ቃል ብቻ ይሆናል። ስለዚህ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ሁሉ ከሰበታ፣ ከቡራዩ ወይም ከሱሉልታ አንዲት ቀበሌ መርጣችሁ፣ አንድ ሰፈር ከማሳነት እስከ ካርታ ያለፈበትን መንገድ በሰነድና በቃል ምስክርነት እንድታጠኑ አደራ እላለሁ።