ግእዝን በሮም ያሳተሙት መነኩሴ

በ1548 በሮም ከተማ በዶሪኮ ወንድማማቾች ማተሚያ ቤት አንድ መጽሐፍ ታትሞ ወጣ። ቋንቋውም ፊደሉም ግእዝ፣ ይዘቱ ሐዲስ ኪዳን ነው። በላቲን የተጻፈው የርዕስ ገጹ የዘመኑን ሁለት ባለሥልጣናት አንድ ላይ ይጠራል፤ የሮሙን ጳጳስ ጳውሎስ ሣልሳዊንና የኢትዮጵያውን ንጉሠ ነገሥት ገላውዴዎስን። መጽሐፉን በደጋግ ሰዎች ርዳታ ያሳተመው “ኢትዮጵያዊው ወንድም ጴጥሮስ” እንደሆነም ይገልጻል። ፈረንጆቹ ጴጥሮስ ያሏቸው እኚህ ሰው የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የኅትመት ታሪካችን በተነሣ ቁጥር ብዙዎቻችን የምንጠቅሰው የምጽዋን የሚሲዮናውያን ማተሚያ፣ አለዚያም የዳግማዊ ምኒልክን ዘመንና አእምሮ ጋዜጣን ነው። አባ ተስፋ ጽዮን ግን ከዚያ ሁሉ 300 ዓመት ቀድመው ከማተሚያ መኪና ጋር ታግለዋል። ትግሉ ዛሬ መጽሐፍ ለማሳተም ደጅ ለሚጠና ጸሐፊ እንግዳ አይሆንበትም።

ኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች በኢየሩሳሌም በኩል ሮም መግባት የጀመሩት ከአባ ተስፋ ጽዮን ቀደም ብሎ ነው። ማረፊያቸው ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ የሚገኘው የቅዱስ እስጢፋኖስ ደብር ነበር፤ ዛሬም “የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ” ይባላል። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የኮሎኝ ቄስ በሮም የሐበሻ መነኮሳት ሲጸልዩ ሰምቶ ቋንቋቸውን ተማረ፤ በ1513ም መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ አሳተመ። በማተሚያ መኪና የታተመ የመጀመሪያው የግእዝ መጽሐፍ ይኸው ነው። ፖትከን ቋንቋውን ከለዳውያን የሚናገሩት ነው ብሎ አምኖ ነበር። መጽሐፉ የእኛ፣ አሳታሚው ግን የውጭ ሰው ነበር።

ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያ መከራ መጣባት። በ1529 የአፄ ልብነ ድንግል ጦር ሽምብራ ኩሬ ላይ በኢማም አሕመድ ተሸነፈ፤ በ1531 ደብረ ሊባኖስ ተቃጠለ። በየገዳሙ ለዘመናት የተከማቸ ብራና በአንድ ሌሊት አመድ የሚሆንበት ዘመን ነበር። አባ ተስፋ ጽዮን በ1530ዎቹ በኢየሩሳሌም አድርገው ሮም ሲደርሱ የብራና መጻሕፍት ይዘው ነበር። በእጅ የተገለበጠ መጽሐፍ አንድ ነው፤ ከተቃጠለ ተቃጠለ። በመኪና የታተመ ግን በየአገሩ ይበተናል። ለዚያ ዘመን የገዳም ሰው ይህ ልዩነት የሕይወትና የሞት ያህል ነበር።

የኅትመቱን ሥራ ቀረብ ብለን እንየው። በዚያን ጊዜ እያንዳንዱ ፊደል ከእርሳስ ቅይጥ ይሠራና ፊደል ለቃሚው ከሳጥኑ አንድ በአንድ እያነሣ ይደረድረዋል። የላቲን ፊደል ትልቁም ትንሹም ቢደመር ከ50 ብዙም አይርቅም። ግእዝ ግን 26 ፊደላት በ7 ድምፅ ሲባዙ 182፣ ዲቃሎቹ ሲታከሉ 202 ይሆናሉ፤ 20ዎቹ ቁጥሮችም አሉ። በዚያ ላይ የእርሳሱ ፊደል ወረቀት ላይ እንዲቃና የሚሠራው ተገልብጦ ነው። የ“ሉ” ቅጥያ ወገቡ ላይ፣ የ“ሊ” እግሩ ሥር መሆኑን ለእኛ ሕፃን ያውቀዋል፤ ግእዝ አይቶ ለማያውቅ ጣሊያናዊ ለቃሚ ግን ሁለቱም አንድ ናቸው፣ ያውም ተገልብጠው። ለቃሚው የሚደረድረውን አያነብም፤ አንባቢዎቹ መነኮሳት ደግሞ የኅትመትን ሙያ አያውቁም። እርማቱ ገጽ በገጽ፣ ፊደል በፊደል የሚለቀም ነበር።

ሌላው ችግር የምንጩ ነው። በእጃቸው የነበረው የግብረ ሐዋርያት ብራና የጎደለ ስለነበር አብዛኛውን ክፍል ከላቲንና ከግሪክ ወደ ግእዝ መለሱት፤ ይህንንም አልደበቁም። በ1548ቱ ጥራዝ ከጳውሎስ መልእክታት የገባው ወደ ዕብራውያን የተላከው ብቻ ነው፤ ሌሎቹ በ1549 ወጡ። በብራና ልማድ ጸሐፊው በመጨረሻው ቅጠል ላይ ለጸሐፊው፣ ላስጻፊው፣ ላንባቢውና ለሰሚው ምሕረት ይለምናል። አባ ተስፋ ጽዮንም ስሕተት ቢገኝ አንባቢ እንዳይፈርድባቸው ለመኑ። ምክንያታቸውም አዲስ ነበር፤ አታሚው ማንበብ፣ እነርሱም ማተም እንደማይችሉ ገልጸው፣ የተረዳዱት ዕውር ከዕውር ጋር እንደሚረዳዳው መሆኑን ጻፉ።

ገንዘቡስ? መኪና፣ ወረቀትና ፊደል ቀራጭ ያለ ባለጸጋ አይገኝም። ከደጋፊዎቻቸው መካከል ጳጳሱ ጳውሎስ ሣልሳዊና በኋላ ራሳቸው ጳጳስ የሆኑት ካርዲናል ማርቼሎ ቼርቪኒ ይገኙበታል። ጊዜው በ1545 የተከፈተው የትሬንት ጉባኤ ዘመን ነው። ሮም ኢትዮጵያን ወደ ራሷ ማቅረብ ትፈልግ ነበር፤ የኢየሱሳውያን ማኅበር መሥራች ኢግናጥዮስ ዘሎዮላም ስለ ኢትዮጵያ ከአባ ተስፋ ጽዮን ጋር ይመካከሩ ነበር። መነኩሴው ግን ያገኙትን ወዳጅነት ለመጻሕፍት አዋሉት። በ1549 የኢትዮጵያን ሥርዓተ ጥምቀትና ቅዳሴ በላቲን አሳትመው የቤተ ክርስቲያናቸውን ሥርዓት ለአውሮፓ ሊቃውንት አስነበቡ። በሮም ደጋፊነት ሠርተዋል፤ ያሳተሙት ግን የአገራቸውን ቅዳሴ ነው። አንዱን ይዞ ሌላውን መርሳት ታሪካቸውን ያጎድለዋል።

አባ ተስፋ ጽዮን ገና በአርባዎቹ ዕድሜያቸው ዐርፈው በዚያው በቅዱስ እስጢፋኖስ ተቀበሩ። ሥራቸው ግን ከእርሳቸው በኋላ ብዙ ተጓዘ። ግእዝ ያስተማሩት ማርያኖ ቪቶሪ በ1552 በአውሮፓ የመጀመሪያውን የግእዝ ሰዋስው አሳተመ። በ1649 ጀርመናዊው ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍ በዚያው የሐበሾች ማረፊያ ከኢትዮጵያዊው አባ ጎርጎርዮስ ጋር ተገናኘ፤ ከዚያ ወዳጅነትም የግእዝና የአማርኛ መዝገበ ቃላትና ሰዋስው ተገኙ። ለንደን ላይ በ1657 የተጠናቀቀው የብዙ ቋንቋዎች መጽሐፍ ቅዱስም የአባ ተስፋ ጽዮንን ሐዲስ ኪዳን ተቀብሎ፣ የራሱን ስሕተት ጨምሮበት እንደገና አተመው። እንግሊዛዊው ቶማስ ፔል ፕላት በ1830 አዲስ እትም እስኪያወጣ ድረስ የአውሮፓ ሊቃውንት ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ የሚያነቡት ከእኚሁ መነኩሴ ድካም ነበር።

መጽሐፍ ማሳተም መጻፍ ብቻ አይደለም፤ ረዳት መፈለግ፣ ከባለሙያ ጋር መግባባት፣ እርማት ማንበብና ለስሕተቱ በስም መቆምም ነው። አባ ተስፋ ጽዮን ይህን ሁሉ በሰው አገር፣ በሰው ቋንቋ፣ አገራቸው ስትነድድ አድርገውታል። ስለዚህ የኢትዮጵያን የኅትመት ታሪክ የምትጽፉ፣ የምታስተምሩም፣ ከምጽዋና ከአዲስ አበባ በፊት አንድ ምዕራፍ ጨምሩ፤ ቦታው ሮም፣ ዓመቱ 1548፣ አሳታሚው አባ ተስፋ ጽዮን ዘደብረ ሊባኖስ ናቸው።