የማታው ዲግሪ፦ ከስድስት ኪሎ እስከ አዳማ

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የመውጫ ፈተናው ውጤት ሲነገር ከግል ተቋማት ከተፈተኑት 72,203 ተማሪዎች ያለፉት 12,422 ብቻ መሆናቸውን ሰማን፤ 17.2 በመቶ። የመንግሥት ተቋማት 62.37 በመቶ አሳለፉ። ወዲያው ፍርድ ተሰጠ፤ የግል ኮሌጅ ወረቀት ይሸጣል ተባለ። ያ ቁጥር የሚለየው ተቋምን እንጂ የመማሪያ ሰዓትን አይደለም። በግል ኮሌጅ ደጅ ግን ቀን ሥራ ውሎ ማታ ወይም ቅዳሜ የሚማር ሠራተኛ ብዙ ነው። እሱ እዚያ እንዴት እንደደረሰ ታሪኩን ማየት ይጠቅማል።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር መንግሥት የተማረ ጸሐፊ፣ የሒሳብ ሰው፣ መምህር ቸግሮት ነበር። ቢሮ ያለውን ሠራተኛ ሥራ አስትቶ ማስተማር ከባድ ነው። የማታ ትምህርት መጣ፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ዘመን «ኤክስቴንሽን» የዩኒቨርሲቲው አንድ ክፍል ነበር። ስሙ እስከ ዛሬ አልለቀቀንም። ያኔ የሚማረውን የፈለገው መንግሥት ራሱ ነው፤ አስተማሪውም ቀጣሪውም እሱ።

ናዝሬት ግን ከዚህ ውጭ ነበረች። ባቡር ያልፍባታል፤ ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ አጠገቧ ወንጂ ስኳር ያመርታል። ፋብሪካው ሒሳብ ያዥና ቴክኒሻን ይፈልጋል፤ ዲግሪ የፈለገ ሠራተኛ ግን መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ወይ ሥራውን ይለቃል ወይ ይተወዋል። ደርግ በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻውን ሲያውጅ አዋቂ ደብተር ይዞ መታየቱ ነውር መሆኑ ቀረ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ግን የፊደል ዘመቻ ነበር።

በ1980ዎቹ አጋማሽ የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ተከፈተ። ለውጡን ያፈጠነው ግን ሌላ ይመስለኛል። በ1992 ዓ.ም. አዳማ የኦሮሚያ ዋና ከተማ እንድትሆን ተወሰነ፤ በ1993 ሪፍት ቫሊ ኮሌጅ እዚያው አዳማ ተመሠረተ። ኋላ ውሳኔው በ1997 ቢቀለበስም የማታው ትምህርት አልተመለሰም፤ በየከተማው ተዛመተ። ቴክኒክ ኮሌጁ በ1998 አዳማ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ከጀርመን፣ ቀጥሎ ከደቡብ ኮሪያ ፕሬዚዳንት መጣለት፤ በ2003 ደግሞ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። መልካም ነው። ለባቱ ወረዳ የሒሳብ ሠራተኛ ግን ያ በር የእሱ አልነበረም።

የእሱ በር የግል ኮሌጁ ነበር። እዚህ ላይ ነው ስሌቱ የተበላሸው። የሥራ መደቡ ዲግሪ ይጠይቃል፤ ዲግሪ ከሌለ ዕድገት የለም። ሠራተኛው ከደመወዙ ቀንሶ ይከፍላል። ኮሌጁ ክፍያውን ይሰበስባል፤ መሥሪያ ቤቱ ወረቀቱን አይቶ ደረጃ ይጨምራል። ትምህርቱ ደካማ ቢሆን በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ወዲያው የሚጎዳ የለም። መንግሥት በነሐሴ 2002 የርቀት ትምህርትን ድንገት አግዶ ብዙም ሳይቆይ በቅድመ ሁኔታ ፈቅዷል፤ ችግሩን አላየሁም ማለት አይችልም።

የመውጫ ፈተናው መኖሩን አልቃወምም። የተማረ ሰው ሃምሳ ከመቶ ማምጣት አለበት። ግን ሒሳቡ የተወራረደው በአንድ ሰው ላይ ነው። ክፍያውን የሰበሰበው አልመለሰም፤ ወረቀት እንጂ ዕውቀት ያልጠየቀው ቀጣሪ አልተወቀሰም። አራት አምስት ዓመት ከልጆቹ ራት ሰዓት ቆርጦ የተማረው ብቻ ያለ ዲግሪ ቀረ።

ትምህርት ሚኒስቴር ውጤቱን በየኮሌጁ፣ የማታውንና የቀኑን ለይቶ በየዓመቱ ይለጥፍ። የሞጆ ወይም የሻሸመኔ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ክፍያ ከመክፈሉ በፊት የሚያየው ቁጥር ያ ይሁን። መሥሪያ ቤቶችም ዲግሪ ካልያዝክ አታድግም ያሉትን ሠራተኛ ለፈተናው ዝግጅት ጥቂት ሳምንት ፈቃድ ይስጡት፤ ወረቀቱን የጠየቁት እነሱ ናቸውና።