ገመናና ማመልከቻ

በጌዴኦ ዞን ፍስሐ ገነት ከተማ ተምሮ አገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ በመንግሥት ምደባ የሚገባ ተማሪ ስለ ራሱ አንድ አንቀጽ እንኳ አይጽፍም። የ12ኛ ክፍል ውጤቱና የምርጫው ዝርዝር ይበቃሉ። የግል ኑሮ የሚነሣው ተማሪው የጤና እክል ያለበት፣ መንታ ወይም የምታጠባ እናት ሲሆን ነው፤ እሱም በማስረጃ እንጂ በትረካ አይደለም። ያው ተማሪ ወደ አሜሪካ ኮሌጅ ሲያመለክት ግን ብዙውን ጊዜ እስከ 650 ቃላት ስለ ራስህ ጻፍ ይባላል። ብዙ ሰው ይህን ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ፈተና አድርጎ ያየዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ስለ ራስ ለማያውቁት ወሳኝ አካል መጻፍ እዚህም ረጅም ታሪክ አለው፤ ምን ያህል ይነገር ለሚለው ጥያቄም መልሱ ያለው እዚያው ታሪክ ውስጥ ይመስለኛል።

በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የፍርድ ቤቱም የጽሕፈት ቤቱም ቋንቋ አማርኛ ነበር። ጌዴኦኛ ብቻ የሚናገር ገባር በባለ መሬቱ ላይ አቤት ለማለት አስተርጓሚና ማመልከቻ ጸሐፊ ያስፈልገው ስለነበር ገመናው ዳኛው ዘንድ ሳይደርስ ሌሎች ጆሮዎች ይሰሙት ነበር። በማመልከቻ ልማድ ደግሞ ድህነትና የልጆች ብዛት ይዘረዘራሉ፣ የበላዩ ቸርነት ይለመናል፤ የመብት ጥያቄ የርኅራኄ ጥያቄ ሆኖ ያርፋል። በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ገበሬዎች የምርት ድርሻ አንሰጥም ብለው ሚጪሌ በተባለ ቦታ ከባለ መሬቶች ጋር መጋጨታቸው፣ በልመና የማይፈታ ጥያቄ እንደነበራቸው ይመሰክራል። የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጥቶ ገባርነት ቢቀርም፣ ስለ ራስ መናገር ይበልጥ አስፈሪ ሆነ። በደርግ ዘመን፣ በቀይ ሽብር ጊዜ ሰው በስብሰባ ፊት ራሱን እንዲያጋልጥ ይገደድ ነበር፤ ኑዛዜው ለራሱ ክስ፣ ለጓደኞቹ መታሰሪያ ይሆን ነበር። ስለ ራስ የተባለ ነገር ሁልጊዜ ስለ ሌላም ሰው ነው፤ ከተናገሩትም በኋላ ባለቤቱ ሌላ ነው።

ይህን ሁሉ ለአንድ የኮሌጅ ድርሰት ማንሣት ማጋነን ነው የሚል ይኖራል፤ አንባቢው የደርግ ካድሬ አይደለም፣ ችግሩን የደበቀ ተማሪም ራሱን ይጎዳል። የመጨረሻው ነጥብ እውነት ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰኔ 2015 ዓ.ም. ዘርን በመግቢያ መስፈርትነት ሲከለክል፣ ዘር በሕይወቱ ላይ ያሳደረውን ተጽእኖ ተማሪው በድርሰቱ ማንሣት እንደሚችል ገልጿል፤ የድርሰቱ ክብደት በዚህ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ሲፈናቀል ቤቱን ያጣ ልጅ ዝም ይበል ማለትም ግፍ ነው። ነገር ግን መፈናቀሉን መጻፍና የእናቱን ቁስል ወይም የጎረቤቱን ስም መዘርዘር ይለያያሉ። አንባቢው የሚመዝነው ተማሪውን ነው፤ በዚያ ዓመት ትምህርቱን እንዴት እንደቀጠለ፣ ምን እንዳሰበ፣ ምን እንደወሰነ ይበቃዋል። ከዚያ ያለፈው እንባ ወደ ማመልከቻ ጸሐፊው ልማድ ይመልሰናል። ስለዚህ የምትጽፉ ተማሪዎች፣ የራሳችሁን ሥራና ሐሳብ ሳትሳሱ ንገሩ፤ የቤተሰባችሁን ጉዳይ ግን ባለቤቱ ሳይፈቅድ አታስገቡ።